ወፍራሙን ድምፅ በኮምፔንሳቶ ሳጥን

ስልካችሁን አውጡና በገና ክፈቱ። የበገና ደርዳሪው የዓለሙ አጋ ቅጂ ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ልብ ብላችሁ አዳምጡት። ያ ሆድ የሚያባባ ወፍራም ድምፅ ከዚያች የጥፍር ያህል ስፒከር የሚወጣ ይመስላችኋል? አይወጣም። የስልክ ስፒከር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ለማውጣት አቅም የለውም፤ የበገናው ወፍራም ክር ደግሞ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚርገበገበው። ታዲያ የምንሰማው ከየት መጣ? ከገዛ ጭንቅላታችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክር ሲመታ በአንድ ፍጥነት ብቻ አይርገበገብም። በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ማለትም በ60 ኸርዝ፣ የሚርገበገብ ክር አለ እንበል። ከዋናው ድምፅ ጋር 120፣ 180፣ 240 እያሉ የሚሄዱ ተከታይ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ስልኩ ታችኞቹን ጥሎ ላይኞቹን ብቻ ሲያሰማን፣ አእምሯችን በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁልጊዜ 60 መሆኑን ይይዝና የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። በገና ደግሞ ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ነው። በክሮቹና በብርኩማው መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራ የምንላቸው፣ ክሩ በተርገበገበ ቁጥር እየነኩት ያን የታወቀ ዝዝታ ይሰጡታል። ዝዝታው ደግሞ በተከታይ ድምፆች የታጨቀ ነው። ስለዚህ በገና በስልክም ቢሆን በገናነቱን አያጣም።

ከበሮ ግን እዚህ ላይ ይወድቃል። የተወጠረ ቆዳ የሚያወጣቸው ተከታይ ድምፆች እንደ ክር በእኩል ርቀት አይሰለፉም፤ አእምሮ የሚገምትበት መነሻ ያጣል። በስልክ የሚቀረን የእጁ ጧታ ብቻ ነው፤ እምብርት ላይ የሚያርፈው ዱም የሚለው ክፍል የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከከበሮው አጠገብ የቆመ ሰው ልዩነቱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

እንግዲህ ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ግምቱ ቀርቶ ድምፁ ራሱ ክፍላችን ውስጥ እንዲገኝ ስለሚያደርገው ዕቃ ነው፦ በገዛ እጃችን ስለምንሠራው ሳብዉፈር። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ ስለ ዋት ማውራቱን ተዉትና ሳጥኑ ላይ አተኩሩ።

መጀመሪያ የት ድረስ መውረድ እንደምንፈልግ እንወስን። ባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፁ 41 ኸርዝ ነው፤ ተቁሞ የሚመታው ኮንትራባስም እዚያው ነው። ባለ 5 ክሩ ቤዝ ጊታር እስከ 31 ይወርዳል። ኮንትራፋጎት የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ 29፣ የፒያኖ የግራ ጫፍ ቁልፍ 27.5። ቪዮም የተባለው የፓሪስ የቫዮሊን ሠሪ በ1850 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኦክቶባስ የሚባል ከ3 ሜትር በላይ ቁመት ያለው መሣሪያ ሠርቷል፤ ክሮቹ በጣት የሚደረስባቸው ስላልሆኑ የሚያዙት በማንሻና በፔዳል ነው። በትልልቅ ካቴድራሎች ያለው ባለ 32 ጫማ የኦርጋን ቧንቧ ደግሞ 16 ኸርዝ ድረስ ይሄዳል። ይህን ከጆሮ ይልቅ የተቀመጥንበት አግዳሚ ነው የሚነግረን። 16 ኸርዝ ለሚመኝ ሰው ምክሬ ቤቱን ሸጦ ካቴድራል ይሥራ የሚል ነው። ለእኛ 30 ኸርዝ ይበቃናል፤ ባለ 5 ክሩን ቤዝ ጊታር ሙሉ በሙሉ ይሸፍንልናል።

30 ኸርዝ በቃል ቀላል ነው። ሁለት ነገሮች ግን ይቃወሙናል፤ አንዱ ጆሯችን፣ ሌላው አየሩ።

ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሮ ለሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም። በ1,000 ኸርዝ ላይ ጤነኛ ጆሮ ከ0 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብዙም ያልራቀ ድምፅ ይይዛል። በ31 ኸርዝ ላይ ግን ድምፁ መኖሩን ብቻ ለመጠርጠር 60 ዴሲቤል ያህል ይጠይቃል። 60 ዴሲቤል ማለት ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲጫወቱ ያላቸው ድምፅ ነው። በሌላ አነጋገር ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ለመስማት 90ና 100 ዴሲቤል ማውጣት ግድ ነው፤ ቅንጦት አይደለም።

አየሩ ደግሞ የባሰ ነው። ድምፅ የሚፈጠረው የስፒከሩ ኮን ወጣ ገባ እያለ አየር ሲገፋ ነው። የድምፁን ከፍታ ሳንቀንስ ከ60 ወደ 30 ኸርዝ ብንወርድ፣ ኮኑ የሚገፋው አየር በእጥፍ ሳይሆን በ4 እጥፍ መጨመር አለበት። ወደ 15 ብንወርድ 16 እጥፍ። አንድ ደህና ባለ 12 ኢንች ስፒከር ኮኑ ወደ ፊት 8 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ኋላ 8 ሚሊ ሜትር ሳይዛባ መሄድ ይችላል ብንል፣ በአንድ አቅጣጫ የሚገፋው አየር 4 ዲሲ ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። መሬት ላይ አስቀምጠን በ1 ሜትር ርቀት ብንለካው በ62 ኸርዝ 112 ዴሲቤል ያህል ያወጣል። ይኸው ስፒከር በ31 ኸርዝ 100 ላይ ያቆማል። የ1,000 ዋት ማጉያ ብትሰኩበት ይኸው 100 ነው፤ ኮኑ የሚሄድበት ቦታ አልቋል። ትርፉ ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ መቃጠሉ ነው። ስለ ዋት ማውራቱን ተዉት ያልኩት ለዚህ ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ እሱም ኮኑ የሚንቀሳቀስበት ቦታ እስካለው ድረስ።

ሳጥኑስ ምን ያደርጋል? ኮኑ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከጀርባው ይስባል። ሳጥን ከሌለ የፊቱ አየር ዞሮ ወደ ኋላ ይሄድና ሁለቱ ይጠፋፋሉ። የ31 ኸርዝ ማዕበል ርዝመቱ 11 ሜትር ነው፤ ለእሱ የ30 ሴንቲ ሜትር ስፒከር ዙሪያን መዞር ምንም አይደለም። ስፒከሩን እራቁቱን ይዛችሁ ሙዚቃ ብታጫውቱበት ቀጭኑ ድምፅ ይሰማል፤ ወፍራሙ ጭራሹን የለም። እንግዲህ የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ የጀርባውን ድምፅ ማሰር ነው።

ማሰሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሳጥኑ ውስጥ የታሰረው አየር ሞላ ሆኖ ኮኑን ይመልሰዋል። ሳጥኑ ባነሰ ቁጥር ሞላው ይጠነክራል፣ ስፒከሩም ዝቅ ማለት ያቅተዋል። ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ ይህን ጠላት ወዳጅ አደረገው። ከስፒከሩ ላይ ኮኑን የያዘውን ጠንካራ ማንጠልጠያ አንስቶ ኮኑ ልፍስፍስ ብሎ እንዲቆም አደረገና፣ የመመለሱን ሥራ ለታሰረው አየር ሰጠው። በ1954 አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሄንሪ ክሎስ ጋር መሠረተ፤ ኤአር-1 የተባለው ስፒከራቸው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሆኖ፣ በዚያን ጊዜ ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ ይጠይቅ የነበረውን ወፍራም ድምፅ አወጣ። ነጻ ስጦታ ግን አልነበረም፤ ስፒከሩ ብዙ ኃይል የሚበላ ሰነፍ ሆነ።

ይህን ነገር ሆፍማን የተባለ የክሎስ የኋላ ባልደረባ በአንድ ሕግ አሰረው፤ የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ የብረት ሕግ ይሉታል። ትንሽ ሳጥን፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ በጥቂት ኃይል ብዙ ጩኸት፦ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጡ፣ ሦስተኛውን ተዉት። ሒሳቡ ጨካኝ ነው። የጩኸቱን ብቃት ሳትነኩ የምትወርዱበትን ድምፅ በግማሽ ልታወርዱ ብትፈልጉ ሳጥኑ 8 እጥፍ ማደግ አለበት። ሱቅ ውስጥ የጫማ ሣጥን የምታህል ሳብዉፈር እስከ 25 ኸርዝ ትወርዳለች የሚል ጽሑፍ ስታዩ እንግዲህ የተከፈለው ሦስተኛው ዋጋ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ነው፤ 25 ኸርዝ አለ፣ ግን ጆሮ አይደርስም።

ሁለት ዋና ዋና የሳጥን ዓይነቶች አሉ። አንዱ ዝግ ነው፣ ቪልቸር እንዳደረገው። ሌላው ቱቦ አለው። የባለ ቱቦው ነገር እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ የሚወጣውን ኡ የሚል ድምፅ ታውቁታላችሁ። አንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው እንደ ሞላ ሆነው ይወዛወዛሉ፤ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሒሳቡን ሠርቶታል። ሳጥናችሁ ጠርሙሱ፣ ቱቦው አንገቱ ነው። ልዩነቱ የሚነፋው ሰው አለመሆኑ ነው፤ ከውስጥ የስፒከሩ ጀርባ ይነፋዋል። ድሮ አስረን የጣልነው የጀርባ ድምፅ አሁን በትክክለኛው ጊዜ በቱቦው ወጥቶ ለፊቱ ያግዛል። ቱቦው የተቃኘበት ድምፅ ላይ ኮኑ ራሱ ሊቆም ጥቂት ይቀረዋል፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ቱቦው ነው።

ይህ ዘዴ ከድሮም የሚታወቅ ነበር፤ ግን ለብዙ ዓመታት ሰው በግምት ነበር የሚሠራው። አንዳንዱ ጥሩ ይወጣል፣ ብዙው አንድ ኖታ ብቻ እየደጋገመ ይጮኻል። ነገሩን የለወጠው ኔቪል ቲል የተባለ አውስትራሊያዊ መሐንዲስ ነው። በ1961 ያሳተመው ጥናት ስፒከሩን በጥቂት ቁጥሮች ገልጾ፣ ከእነዚያ ቁጥሮች ሳጥኑን በወረቀት ላይ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ጽሑፉ ያን ጊዜ የወጣው በአውስትራሊያ መጽሔት ላይ ስለነበር ብዙ ሰው አላየውም፤ በ1971 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሲታተም ግን ዓለም አወቀው። የሲድኒው ሪቻርድ ስሞል በዚያው በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሰፋው። ዛሬ በየስፒከሩ ወረቀት ላይ የምታዩዋቸው ቁጥሮች የሁለቱን ስም ይዘው የቲል-ስሞል ልኬቶች ይባላሉ።

ከእነዚህ ሦስቱን ብቻ እወቁ። ኤፍ-ኤስ የሚባለው ስፒከሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚወዛወዝበት ድምፅ ነው። ቪ-ኤ-ኤስ የማንጠልጠያው ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ጋር እንደሚስተካከል ይናገራል። ኪው-ቲ-ኤስ ደግሞ ማግኔቱ ኮኑን ምን ያህል እንደሚቆጣጠረው ነው፤ ባነሰ ቁጥር ቁጥጥሩ ይጠብቃል። በግርድፉ ኪው-ቲ-ኤስ ከ0.3 እስከ 0.4 ከሆነ ለቱቦ ሳጥን፣ ከ0.5 በላይ ከሆነ ለዝግ ሳጥን ይሆናል። በመካከል ያለው በሁለቱም ይኬዳል።

ምርጫው የእናንተ ነው፤ ግን አስተያየቴን ልስጥ። ለከበሮና ለበገና ቅጂ ዝጉን እመርጣለሁ። ዝግ ሳጥን ከአቅሙ በታች ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ የከበሮ ምትም ሳይጎተት ይቆማል። ለባለ 5 ክር ቤዝ ጊታር ግን ቱቦ ይሻላል፤ 31 ኸርዝ ላይ ለኮኑ እረፍት የሚሰጠው እሱ ነው። እንግዲህ ቅድም ላነሳነው ባለ 12 ኢንች ስፒከር የባለ ቱቦውን አሠራር ላሳያችሁ።

አንድ ሉህ ኮምፔንሳቶ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር። ቺፑድ ይረክሳል፤ ግን ብሎኑ በመወዛወዝ ብዛት ይላላበታል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ አልመክረውም። የሳጥኑን ውስጥ ስፋቱ 40፣ ጥልቀቱ 45፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ 90 ሊትር ይሆናል። የስፒከሩ ጀርባ፣ ቱቦውና ማጠናከሪያው 10 ሊትር ያህል ይወስዱና 80 ሊትር ንጹሕ አየር ይቀራል። ቁርጦቹ፦ ለፊትና ለጀርባ 43.6 በ53.6 ሁለት፣ ለጎንና ጎን 45 በ53.6 ሁለት፣ ለላይና ለታች 40 በ45 ሁለት። እንጨት ቤቱ በማሽን ይቁረጥላችሁ፤ በእጅ መጋዝ የተቆረጠ ጠርዝ አይገጥምም። ከሉሁ ግማሽ በላይ ይተርፋል። ትርፉን አትጣሉት፣ ፊቱን ድርብ አድርጉበት፤ ስፒከሩ የሚታሰርበት ነውና። ድርቡን በውጭ በኩል ለጥፉት፤ ያኔ ሊትሩ አይነካም።

ኮላውን ሳትሰስቱ ሙሉ ጠርዙን ቀቡ። በሞርሳ ስታጠብቁት ኮላው በመገጣጠሚያው በኩል በእኩል መስመር ዶቃ ዶቃ እየሆነ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ አየር ያፈተልካል ማለት ነው። ሞርሳ ከሌለ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ብሎን ምቱበት። ሲደርቅ ከውስጥ በኩል ማዕዘኖቹን ሁሉ በሲሊኮን አስሩ፤ ስፒከሩን ከመግጠማችሁ በፊት የሲሊኮኑ ሽታ ጨርሶ ይውጣ፣ ትነቱ የአንዳንድ ስፒከርን ማጣበቂያ ይጎዳል። ከጎን ወደ ጎን የሚሻገር አንድ ማጠናከሪያ እንጨት መካከል ላይ አስገቡ። ሳጥኑን በጣታችሁ አንጓ ስትመቱት ግድግዳው እንደ ከበሮ ከጮኸ ገና ነው፤ ደረቅ አጭር ድምፅ ሲሰጥ ደርሷል።

ለቱቦው የፍሳሽ ፒቪሲ ይሆናል፤ 110 የሚባለው። የውስጥ ስፋቱን ለኩ። 10.4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሳጥኑን 30 ኸርዝ ላይ ለማቃኘት የቱቦው ርዝመት 27 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። 30 አድርጋችሁ ቁረጡና ቀስ በቀስ አሳጥሩ፤ ከተቆረጠ በኋላ አይረዝምም። አንዱ ቱቦ ስለሚጠብብ ሁለት ላድርግ የሚል ካለ፣ እያንዳንዳቸው 63 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው፤ ጥልቀቱ 45 የሆነ ሳጥን ውስጥ ደግሞ በመታጠፊያ ካልሆነ አይገቡም። የቱቦ ስፋትና ርዝመት አብረው ነው የሚያድጉት። አንዱ ቱቦ እስከ 105 ዴሲቤል ገደማ ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ አየሩ በሰከንድ ከ17 ሜትር በላይ ይፈጥንና ፉፉ የሚል የንፋስ ድምፅ ያመጣል። ለቤት ይበቃል። ለሠርግ አይበቃም፤ ለሠርግ ሞንታርቦ ተከራዩ።

ሥራው መሳካቱን የምታውቁበት መንገድ ደስ ይላል። ስልካችሁ ላይ ነጠላ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ጫኑ፤ በነጻ ይገኛል። ስልኩን ከሳብዉፈሩ ማጉያ ጋር አገናኙ፤ ማጉያውን ዝቅ አድርጋችሁ ከ50 ኸርዝ ጀምሩና አንድ አንድ እያላችሁ ውረዱ። አንድ ጧፍ ለኩሳችሁ ከቱቦው አፍ ፊት ያዙ። 45 ላይ ኮኑ በዓይን ይታያል፣ ነበልባሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እየወረዳችሁ ስትሄዱ የኮኑ እንቅስቃሴ እያነሰ፣ የጧፉ መጎንበስ እየባሰ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ኮኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መሐሉን በጣታችሁ ብትነኩት እንኳ መንቀሳቀሱ እምብዛም አይታወቃችሁም። ቱቦው ግን ጧፉን እፍ ብሎ ያጠፋዋል። ሳጥኑ የተቃኘበት ቁጥር እሱ ነው። 28 ላይ ከሆነ ቱቦውን ትንሽ ቁረጡ፤ 30 ላይ ከሆነ እጃችሁ ይባረክ።

ከዚያ በታች ስትወርዱ ግን ተጠንቀቁ። ከ30 በታች ቱቦው ክፍት ቀዳዳ ብቻ ይሆናል፣ ሞላው ይጠፋል፣ ኮኑም ያለ ልጓም ይወጣል ይገባል። ስለዚህ የቱቦ ሳጥን ማጉያ ከ25 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል። በላይ በኩል ደግሞ ከ80 ኸርዝ በላይ ያለውን የሚቆርጥ። ሁለቱንም የያዘ የሳብዉፈር ማጉያ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ 220 ቮልት የሚገባበትን ነገር ዕውቀቱ ለሌለው ሰው ቤት ውስጥ ሥራው አልልም። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የመኪና ስፒከር የምትገዙ ከሆነ ኦሙን (የጥቅል ሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም) እዩ። ብዙዎቹ ሁለት ጥቅል ሽቦ አላቸው፤ ሁለት ባለ 4 ኦም በተከታታይ ሲታሰሩ 8፣ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ይሆናሉ። 2 ኦም ብዙ የቤት ማጉያ ያቃጥላል።

አሁን ደግሞ በመጻሕፍቱ ውስጥ ብዙም የማይጻፍ፣ ለእኛ ግን የተለየ ትርጉም ያለው ነገር ላንሳ። ይህ ሁሉ ሒሳብ የተሠራው ባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስፒከሩ ያንኑ 4 ዲሲ ሊትር ቢገፋም የሚገፋው አየር ቀጭን ስለሆነ የሚወጣው ድምፅ 2 ዴሲቤል ከምናምን ያንሳል። ቅድም 100 ያልነው አዲስ አበባ ላይ 98 ሳይሞላ ይቀራል። ይህ መጥፎው ዜና ነው።

ጥሩው ዜና፣ ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው የአየር ሞላም በዚያው ልክ ይለሰልሳል። ኤፍ-ኤሱ 28 ኸርዝ፣ ቪ-ኤ-ኤሱ 100 ሊትር የሆነ ስፒከር 50 ሊትር ዝግ ሳጥን ውስጥ ብታስገቡት ባሕሩ ዳር ጅቡቲ ላይ 48 ኸርዝ አካባቢ ይወዛወዛል። ያንኑ ሳጥን አዲስ አበባ ስታመጡት 44 ገደማ ይሆናል። ከፍታው ሳጥኑን በነጻ አሰፋው ማለት ነው። የቱቦው ቅኝት ግን አይነካም፤ የድምፅ ፍጥነት በሙቀቱ እንጂ በግፊቱ አይወሰንምና 27 ሴንቲ ሜትር ተኩሉ ጎንደርም፣ ዱባይም፣ ቴል አቪቭም ከሞላ ጎደል ያው ነው። እኔ ይህን ሒሳብ ስሠራው በጣም ነው የተደሰትኩት፤ ማንም ካልጠየቀኝም አወራዋለሁ።

የቀረው ክፍሉ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ሳሎን ራሱ 43 ኸርዝ ላይ ይጮኻል፤ ይህ ደግሞ ከቤዝ ጊታሩ የታችኛ ክር ጋር ጎረቤት ነው። ያቺ አንዲት ኖታ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ስታገሣ የሳጥኑ ጥፋት አይምሰላችሁ። ሳብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አውጡትና የቤዝ ዜማ ክፈቱ፤ ከዚያ ጭንቅላታችሁን ወለሉ አጠገብ አድርጋችሁ በግድግዳው ዙሪያ እየዳኻችሁ አዳምጡ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ ስትደርሱ ሳብዉፈሩ እዚያ ይቀመጥ። የቤት ሰው ይስቅባችኋል፤ ይሠራል ግን። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ጩኸቱን ይጨምራል፣ እኩልነቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያበላሻል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ የብሎኬት ግድግዳ የንግግርን ድምፅ ያቆማል፣ 31 ኸርዝን ግን እምብዛም አያቆምም። ከሥሩ ላስቲክ ማንጠፍ ወለሉን ከመንቀጥቀጥ ይገላግላል እንጂ በአየር የሚሄደውን አይከለክልም። ከጎረቤት ጋር ሰዓት መነጋገር ከማንኛውም ስፖንጅ ይሻላል።

ስፒከር ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ነው። ስሙትና እለፉት። ኤፍ-ኤስ፣ ቪ-ኤ-ኤስ፣ ኪው-ቲ-ኤስ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቁ። ከሌለ የሞዴሉን ቁጥር ጽፋችሁ ውጡና ፈልጉት፤ ከተገኘ ተመለሱና ግዙ። ካልተገኘ፣ ምንም ያህል ቢረክስ፣ ሌላ ስፒከር ፈልጉ።